ለብረት ብሎ ሩዋን መሄድ ይገባል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ጀርመን የምኖር የብረት በርና መስኮት ሠሪ ነኝ። በመጪው ነሐሴ ከባለቤቴ፣ ከአሥር ዓመት ልጃችንና ከአገር ቤት ከመጡት እናቴ ጋር ፓሪስ እንሰነብታለን። ከቀኖቹ አንዱን ለሩዋን ሰጥቼ የብረቱን ሙዚየም ላይ አስቤአለሁ። ባለቤቴ ‹ዓመቱን ሙሉ ስትበይድ ከርመህ በእረፍትህም ብረት?› እያለች ነው። እውነት ይገባል? ለእነሱስ በአቅራቢያው የሚሆን ነገር አለ?»

ይገባል። እንዲያውም እንደ እርስዎ ያለ በእጁ ብረት የሚሠራ ሰው ከማንኛውም ጎብኚ ይልቅ ያተርፍበታል። ለቤተሰቡም የሚሆን ብዙ ነገር አለ፤ ሁሉም በእግር የሚደረስ ነው። ቀኑ ግን በደንብ መታሰብ አለበት፤ ሙዚየሙ ጠዋት አይከፈትምና። በሥራዬ የምጠግነው የድሮ የብረት ሥራ ስለሆነ መልሴ ወደዚያ ቢያጋድል አይፍረዱብኝ።

በመጀመሪያ ስለ ቦታው። ሙዚየሙ ለ ሴክ ዴ ቱርኔል ይባላል። ያለው በቀድሞው የቅዱስ ሎረንት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። በፈረንሳይ አብዮት ዘመን አገልግሎቱ ተቋርጦ፣ ሕንፃው ለሌላ ጥቅም ሲውል ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1921 ሙዚየም ሆነ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ዕቃዎቹን መሰብሰብ የጀመረው ፎቶግራፍ አንሺው ሄንሪ ለ ሴክ ነው። በ1851 የፈረንሳይ መንግሥት የአገሪቱን ጥንታዊ ሕንፃዎች በካሜራ እንዲያስቀሩ ከላካቸው አምስት ሰዎች አንዱ እሱ ነበር። ካቴድራል እያነሳ ሲዞር የበሩን ማንኳኪያ፣ የመስኮቱን ፍርግርግ፣ የተጣለውን መቆለፊያ ልብ ብሎ የሚያይ ዓይን እንደ ነበረው ከሰበሰበው ነገር ይታወቃል። በዚያ ዘመን ሀብታም ሰው የሚሰበስበው ሥዕልና ብር ነበር፤ የድሮ ብረት ወደ ማቅለጫ ነበር የሚሄደው። ልጁ ሥራውን ቀጥሎ በመጨረሻ ስብስቡን ለሩዋን ከተማ አስረከበ። ዛሬ እዚያ የሚያዩት ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ የተሠራ፣ በሺዎች የሚቆጠር የብረት ዕቃ ነው። በዓለም ላይ በብረት ሥራ ብቻ የዚህን ያህል ሀብት ያለው ቦታ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እዚያ ሲገቡ አበባውንና ጥምዝምዙን ከማየትዎ በፊት መጋጠሚያውን ይዩ። እርስዎ በየቀኑ ቱቦላሬውን ቆርጠው፣ አጋጥመው፣ በይደው፣ በግራይንደር አለስልሰው ቀለም ይቀባሉ፤ መጋጠሚያው ይጠፋል። እነዚያ ሰዎች የኤሌክትሪክ ብየዳ አልነበራቸውም፤ እሱ የመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ በርና ፍርግርግ ሁለት ብረት እንዴት ይያያዝ ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። መልሱም ተደብቆ አይቀርም፤ በዓይን ይታያል።

መልሶቹ ብዙ ናቸው ማለት አይደለም። አንዱ የማሰሪያ ቀለበት ነው፦ ሁለት ጥምዝ ብረቶች ጎን ለጎን ይያዙና በጋለ ጠፍጣፋ ብረት ይጠቀለላሉ፤ ቀለበቱ ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ጨምድዶ ይይዛቸዋል። ሌላው ሪቬት ነው፦ ሁለቱ ብረቶች ይበሱና ምስማር መሳይ ብረት ያልፍባቸዋል፤ ጫፉም ተቀጥቅጦ ይያዛል። ሦስተኛው እንደ አናጢ ሥራ አንዱን ጫፍ አቅጥኖ በሌላው ቀዳዳ ውስጥ አሳልፎ ከወዲያ በኩል መቀጥቀጥ ነው። አራተኛውና ከባዱ በእሳት መበየድ ነው፦ ሁለቱም ጫፎች ነጭ እስኪሆኑና ብልጭታ መትፋት እስኪጀምሩ ድረስ ይግላሉ፣ አሸዋ ይነሰነስባቸዋል፣ ከዚያ በፍጥነት መስፍ ላይ ተደራርበው ይመታሉ። አሸዋው ቀልጦ ዝገቱን ይዞት ይወጣል። ቢዘገዩ ይቀዘቅዛል፣ ቢያበዙበት ብረቱ ራሱ ይቃጠላል። የሙቀት መለኪያ በሌለበት፣ በቀለሙ ብቻ ተለይቶ፣ በጥቂት ቅጽበት ውስጥ የሚያልቅ ሥራ ነው። በደንብ ከተሠራ መጋጠሚያው ጨርሶ አይታይም፤ የሚያውቅ ሰው ግን ብረቱ እዚያ ቦታ ትንሽ መወፈሩን ያያል።

ይህን ይዘው ከኡርስካን ገዳም ወደ መጣው ፍርግርግ ይሂዱ። የመካከለኛው ዘመን ሥራ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ጥምዝምዞቹ እንደ ሐረግ ተያይዘው ያደጉ ይመስላሉ፤ ሲቀርቡት ግን እያንዳንዱ ለብቻው የተሠራ ሆኖ በማሰሪያ ቀለበት ብቻ ከጎረቤቱ ጋር መያያዙን ያያሉ። ይህን ፍርግርግ የሠራው ሰው አንድ ጥምዝ ቢሰበርበት ቀለበቱን ፈትቶ ያንኑ ብቻ መለወጥ ይችል ነበር። ከእኛ ዘመን የተበየደ በር ጋር ያስተያዩት፤ አንድ ቦታ ሲዝግ ምን እንደምናደርግ ያውቃሉ። እኔ በዚህ ረገድ ያለማመንታት የጥንቱ ብልሃት ይበልጣል እላለሁ። ቅርሱ ሰባትና ስምንት መቶ ዓመት የቆየውም በከፊል ስለዚህ ነው።

ቀጥሎ መቆለፊያዎቹን። በፈረንሳይ የቁልፍ ሠሪዎች ማኅበር ውስጥ ያሉ ሰዎች ቁልፍ ብቻ አልነበረም የሚሠሩት፤ የግቢ በሩም፣ የደረጃ መደገፊያውም፣ የሰገነት ፍርግርጉም የእነሱ ሥራ ነበር። የእርስዎ የሙያ አያቶች እነሱ ናቸው ማለት ይቻላል። አንድ ሠራተኛ የሙያው ጌታ ተብሎ የራሱን ሱቅ እንዲከፍት የሚፈቀድለት ችሎታውን የሚያሳይ ሥራ ለማኅበሩ አቅርቦ ሲፈተን ነበር፤ ለዚህ የተሠሩ መቆለፊያዎች እዚያ አሉ። ለወራት የተደከመባቸው ናቸው፤ በር ላይ እንዲገቡ ታስበው የተሠሩም አይመስሉም። የጎቲክ ዘመኖቹን ሲያገኙ ከጎን በኩል ይመልከቷቸው። ከፊት ሲያዩዋቸው ከአንድ ወፍራም ብረት የተፈለፈሉ የሚመስሉት ስስ ብረቶች እያንዳንዳቸው በሞረድ ተበስተው፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርበው በሪቬት የተያዙ ናቸው። የታችኛው ቀዳዳ ከላይኛው ጠበብ እያለ ስለሚሄድ ጥልቀት ይሰጣል። ዛሬ በላሜራና በሌዘር መቁረጫ በግማሽ ቀን ሊሠራ የሚችል ንድፍ ነው፤ ንድፉን ፎቶ አንስተው ቢሠሩት ደስ ይለኛል።

ፎቶ ሲያነሱም ፊት ለፊት ብቻ አያንሱ። ከስርና ከጎን፣ በተለይም ጀርባው በሚታይበት ሁሉ ጀርባውን ያንሱ፤ የመዶሻው ምት የሚቀረው እዚያ ነው። በእጅ መንካት ግን በፍጹም። ይህን የምለው ስለ ደንቡ ብቻ አይደለም፤ የእጅ ላብ ጨው አለው፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ጣትዎ ያረፈበት ቦታ ላይ የጣትዎን ቅርጽ የያዘ ዝገት ይወጣል። ከጥገና ሥራችን ብዙው ይህንኑ ማጽዳትና በሰም መሸፈን ነው።

ለባለቤትዎ መልስ የሚሆነው የትንንሽ ዕቃዎቹ ክፍል ነው። መቀሶች፣ የልብስ ስፌት ዕቃዎች፣ ሴቶች ወገባቸው ላይ የሚያንጠለጥሏቸው የቁልፍና የመርፌ መያዣ ሰንሰለቶች፣ ከብረት የተሠሩ ጌጦች፣ የቡና መፍጫዎች፣ ካውያዎች፣ የሐኪም መሣሪያዎች አሉ። ከአልማዝ እኩል እንዲያብረቀርቅ ፊቱ በጥቃቅን ተጠርቦ የተወለወለ የብረት ጌጥ እንዳለ ብዙ ሰው አያውቅም። የቡና መፍጫዎቹ ጋር እናትዎ ይቆያሉ ብዬ እገምታለሁ። ወደ ላይኛው ክፍል የሚወጣው በደረጃ ነው፤ እሳቸው ታች ቢቀሩም ትልልቆቹ ሥራዎች ታች ስለሆኑ ብዙ አይቀርባቸውም። ለልጁ ደግሞ ከላይ የተንጠለጠሉት የድሮ ሱቆች ምልክቶች አሉለት። ፊደል የማይለይ ሰው ከሩቅ አይቶ ሱቁን እንዲያውቅ የተሠሩ ናቸው፤ ‹ይሄ የምን ሱቅ ነበር?› እያላችሁ ብትጠያየቁ ሰዓቱ ሳይታወቀው ይሄዳል።

እናትዎን አስቀድመው ቢያዘጋጁ ጥሩ የሚመስለኝ አንድ ነገር አለ። ሕንፃው ቤተ ክርስቲያን መሆኑ ገና ከውጭ ይታወቃል፤ ውስጡ ግን መቅደስ የለም፣ ጸሎትም አይደረግበትም። መስቀል ተሳልመው ለመግባት የተዘጋጁ እናት ድንገት ጓጉንቸርና የወጥ ቤት ዕቃ ሲያዩ ቅር ሊላቸው ይችላል። ታሪኩን ባቡር ላይ ይንገሯቸው።

ቀኑ እንዲህ ቢያዝ ይሻላል። ከፓሪስ ሳን ላዛር ጣቢያ የሚነሳው ባቡር በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ሩዋን ሪቭ ድሮዋት ያደርሳል። ማክሰኞ አይሂዱ፤ የከተማው ሙዚየሞች ዝግ ናቸው። የብረቱ ሙዚየም የሚከፈተው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከቀኑ 14 ሰዓት ጀምሮ ነው፤ ቋሚ ስብስቡን ማየት በነጻ ነው። ኦገስት 15 (ነሐሴ 9) በፈረንሳይ የሕዝብ በዓል ስለሆነ ለዚያ ቀን ካሰቡ ሙዚየሙ መከፈቱን በድረ ገጹ ላይ ያረጋግጡ። በሌላ በኩል ዕለቱ በካቶሊኮች ዘንድ የእመቤታችን የዕርገት በዓል ነው፣ የሩዋን ካቴድራልም የተሰየመው በዚሁ ነው። የእኛ ፍልሰታ የሚፈታው ከሳምንት በኋላ ነሐሴ 16 ስለሆነ እናትዎ ይህን መገጣጠም ማየት ይፈልጉ እንደሆነ ይጠይቋቸው።

ጾሙን ካነሳሁ አይቀር፦ ኖርማንዲ የቅቤና የክሬም አገር ነው። ዓሣውም፣ አትክልቱም፣ ዳቦ መሳዩ ነገር ሁሉም ቅቤ ገብቶበታል። እናትዎ ፍልሰታን እየጾሙ ከሆነ ምሳቸውን ከቤት ይያዙላቸው። ቪዩ ማርሼ በተባለው አደባባይ የተሸፈነ ገበያ አለ፤ ፍራፍሬ ከዚያ ይገኛል፤ ፖምና ፒር የአካባቢው ኩራት ናቸው።

ጠዋቱን ከዚያው አደባባይ ብትጀምሩ ጥሩ ነው። ዣን ዳርክ በ19 ዓመቷ ሜይ 30 ቀን 1431 በእሳት የተቃጠለችው እዚያ ነው፤ ከተማዋ ያኔ በእንግሊዞች እጅ ነበረች። በ1920 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ቅድስት ብላታለች። በስሟ የተሠራው ቤተ ክርስቲያን የ1979 ነው፤ ጣሪያው ለየት ያለ በመሆኑ አንዳንዱ ሰው አይወደውም፣ እኔ እወደዋለሁ። በውስጡ ያሉት ባለ ቀለም መስታወቶች ግን የ16ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው። ሌላ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበሩ፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ አስቀድመው ወርደው ተቀመጡ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በ1944 ፈረሰ፣ እነሱ ተረፉ። እናትዎ እዚያ ተቀምጠው ማረፍም ይችላሉ። ስለ ዣን ዳርክ በቪዲዮ የሚተርከውን ዝግጅት ግን በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ አላስገባውም፤ ሰዓት ይበላል።

ከአደባባዩ ወደ ምሥራቅ በሚሄደው የእግር መንገድ ላይ ግሮ ኦርሎዥ የሚባለው ሰዓት አለ፤ በቅስቱ ስር ታልፋላችሁ። ሁሉም ሰው የሚያነሳው የወርቅ ቀለም ያለውን ገጹን ነው፤ አንድ ክንድ ብቻ አለው፣ የሚቆጥረውም ሰዓት እንጂ ደቂቃ አይደለም። ለእርስዎ የሚሆነው ግን ከኋላው በማማው ውስጥ ያለው፣ በ1389 የተሠራው የሰዓቱ ማሽን ነው። በእጅ የተቀጠቀጠ ብረት ነው፤ እስከ 1928 ድረስ ሠርቷል። ለከፈሉት የመግቢያ ዋጋ የሚገባ ነው። እዚህም መጋጠሚያዎቹን ይዩ፤ ያን የሚያህል መሣሪያ ሲፈታና ሲገጠም አምስት መቶ ዓመት ያለፈው ተፈትቶ እንዲገጠም ሆኖ ስለ ተሠራ ነው።

መንገዱ የሚያበቃው ካቴድራሉ ፊት ነው። ሞኔ በ1892 እና በ1893 እዚህ ተቀምጦ ይህንኑ ፊት ከሠላሳ ጊዜ በላይ ሥሎታል፤ ከሥዕሎቹ አንዱን ከብረቱ ሙዚየም ጎን ባለው የሥነ ጥበብ ሙዚየም ታገኙታላችሁ። ውስጥ የእንግሊዙ ንጉሥ ሪቻርድ ልብ የተቀበረበት መቃብር አለ። እኔ ግን ቀና ብለው ማማውን እንዲያዩ ነው የምፈልገው። 151 ሜትር ነው፤ ከ1876 እስከ 1880 በዓለም ላይ ከእሱ የሚበልጥ ሕንፃ አልነበረም። የተሠራውም ከብረት ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በ1822 መብረቅ የቀድሞውን፣ ከእንጨትና ከእርሳስ የተሠራውን ማማ አቃጠለው። አርክቴክቱ አላቮዋን ሁለተኛ የማይቃጠል ነገር እሠራለሁ ብሎ ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የሚፈስ ብረት መረጠ። ሳያልቅ በ1834 ሞተ፤ ሥራው እየቆመ እየቀጠለ በ1876 ተፈጸመ። በወቅቱ ብዙ ተሰድቧል፤ በጎቲክ ድንጋይ ላይ የፋብሪካ ሥራ ተጫነ ተባለ። ከሙዚየሙ ብረት ጋር ያለው ልዩነት ለእርስዎ ግልጽ ነው። የተቀጠቀጠው ብረት ቃጫ አለው፣ ይታጠፋል፣ ይጎተታል። ቅልጥ ብረት ካርቦን ስለሚበዛበት ጭነት ከላይ ሲመጣበት ይሸከማል፣ ሲጎተት ወይም ሲመታ ግን እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል። ስለዚህ መቀጥቀጥም በእሳት መበየድም አይሆንለትም፤ ቁርጥራጮቹ የተያያዙት በቡሎን ነው። ዝናብ በየመጋጠሚያው ሲገባ፣ ቡሎኑ ሲዝግና ሲያብጥ፣ ዙሪያው ይሰነጠቃል። ማማው ለዓመታት በጥገና ላይ የቆየው እንዲህ ባለው ጣጣ ነው። በጁላይ 2024 ከላይ በጥገናው ቦታ ላይ እሳት ተነስቶ ከተማው ሁሉ ተደናግጦ ነበር፤ ቶሎ ጠፋ፣ ማማውም ቆመ። አላቮዋን የፈራው እሳት ከ200 ዓመት በኋላ መጥቶ ምርጫውን ፈተነው። የጥገና መሸፈኛ አሁንም ካገኛችሁበት አትዘኑ፤ ቢያንስ አንድ ሰው እየተንከባከበው ነው ማለት ነው።

ከትልቁ ማማ ስር በአራቱ ማዕዘን ያሉት ትናንሽ ማማዎች የማሩ ሥራ ናቸው። ፈርዲናንድ ማሩ የዚሁ ከተማ የብረት ጠቢብ ነበር፤ በመዳብ ነው የሸፈናቸው። በዲሴምበር 1999 አውሎ ነፋስ አንዱን ነቅሎ በጣሪያው በኩል ወደ ውስጥ ጣለው፤ 26 ቶን ይመዝን ነበር። በኋላ ተመልሶ ተሠርቷል፤ ከታች ሆነው ከሌሎቹ ይለዩት እንደሆነ ይሞክሩ። የካቴድራሉ ደወሎች ደግሞ በጁን 1944 በቦምብ ጥቃቱ እሳት ቀልጠዋል።

ከሙዚየሙ በኋላ ጊዜ ከተረፈ ካቴድራሉን ዳግም እዩት። ማማው በጠዋት ‹ረጅም ነው› ተብሎ የሚታለፍ ነገር ነው፤ በመዶሻ የተሠራውን ለሁለት ሰዓት ካዩ በኋላ ግን በፋብሪካ ፈሶ የተሠራው ምን እንዳተረፈና ምን እንዳጣ በዓይንዎ ይለያሉ። ልጁ ከደከመው ከካቴድራሉ ጀርባ ጥቂት እንደ ሄዱ ኤትር ሳን ማክሉ የሚባለው ግቢ አለ። በወረርሽኝ ዘመን የመቃብር ቦታ ነበር፤ ዙሪያውን ያሉት የእንጨት ቤቶች ላይ የራስ ቅል፣ አጥንት፣ የመቃብር ቆፋሪ አካፋ ተቀርጾባቸዋል። የአሥር ዓመት ልጅ የማይረሳው ይሄ ይሆናል፤ እናትዎ ግን ላይወዱት ይችላሉ።

ሴን ወንዝ ከካቴድራሉ ጥቂት ደቂቃ ነው። ባሕሩ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሳለ የባሕር መርከብ እስከዚህ ይደርሳል፤ ወደብ ነው። ወደ ምዕራብ ዝቅ ብሎ ያለው የ2008ቱ ፍሎበር ድልድይ ለመርከብ ሲባል መንገዱን ከውኃው 55 ሜትር ከፍታ ላይ እስኪደርስ ወደ ላይ ያነሳል፤ ብየዳ ለሚያውቅ ሰው ደስ የሚል ሥራ ነው፤ ከእናትዎ ጋር በእግር የሚኬድበት ርቀት ግን አይደለም። ዳርቻው ላይ ተቀምጦ ማረፉ ይበቃል።

ስትመለሱ ባቡሩ ከመነሳቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ይኑርዎት። በጣቢያው አቅራቢያ ሩ ቬርት በሚባለው መንገድ ላይ ያ የመዳቡን ማማዎች የሠራው ማሩ ለራሱ የሠራው ቤት አለ፤ ፊቱ በብረት ሥራ ያጌጠ ነው። የግል መኖሪያ ስለሆነ ከመንገድ ሆኖ ማየት እንጂ መግባት አይቻልም። የመመለሻ ቲኬቱን ግን ጠዋት ሳን ላዛር ላይ አብረው ይቁረጡት።